የይለፍ ቃልም አማና ነው

(ማኅበራችን የሚደግፋቸው ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሸኙ፣ በላሊበላ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለአሳዳጊ ቤተሰቦችና ለረጂ ወገኖች የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ከልጆቻችሁ ሳትለዩ ያሳደጋችሁ ቤተሰቦች፣ ከቅርብም ከሩቅም እጃችሁን የዘረጋችሁ ወገኖች፣ እንዲሁም በዚህ ሳምንት ጓዛችሁን ይዛችሁ በጋሸና በኩል የምትጓዙ ልጆቻችን፤

ሰሞኑን ከእናንተ ጋር የተነጋገርነው ስለ ብርድ ልብስ፣ ስለ መሳፈሪያ፣ ስለ በሶና ስለ ቆሎ ነበር። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ከእናንተ መካከል ማንም ያልጠየቀንን አንድ ጉዳይ እናነሣለን። ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተው በተመዘገቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ግቢው የኮምፒውተርና የኔትወርክ መጠቀሚያ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጣቸዋል። አብሮም የአጠቃቀም ደንብ ይመጣል። አብዛኛው ተማሪ ሳያነበው ይፈርማል። ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያስገደደን በገዛ ቤታችን የደረሰ ነገር ነው።

ከዓመታት በፊት ካሳደግናቸው ልጆች አንዱ ከሚማርበት ግቢ በሌሊት ደወለልን። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አብሮት የሚያድር ጓደኛው «የእኔ መግቢያ አልሠራ አለኝ፤ የአንተን ስጠኝ» ይለዋል። ልጃችንም የወንድም ችግር ነው ብሎ የይለፍ ቃሉን ይሰጠዋል። ያ ጓደኛ በዚያ ስም ገብቶ ለአንዲት ተማሪ ነውረኛ መልእክት ይልካል። ልጅቱ አመለከተች፤ ስሙ ሲፈለግ የተገኘው የልጃችን ስም ሆነ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቆመ። መልእክቱን አለመላኩ በኋላ ቢታወቅም ከጥፋት ነፃ አልተባለም፤ ቃሉን አሳልፎ መስጠቱ ራሱ በደንቡ የተከለከለ ነበርና። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ለአንድ ሴሚስተርም ከኮምፒውተር ክፍሉ ታገደ።

ዜናውን ለአያቱ የነገርናቸው እኛ ነን። እኚህ እናት ልጅና ምራታቸውን ቀብረው የልጅ ልጃቸውን በእንጨት ለቀማና በእንዝርት ያሳደጉ ናቸው። «ምን ሰረቀ ኡስታዝ?» አሉን። «አልሰረቀም እማማ፤ ቁልፉን ለሰው ሰጠ» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ታዲያ ማን ነው ቁልፍ ምን እንደሆነ የነገረው?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ደብተር ገዝተንለት ነበር፤ ጫማ ገዝተንለት ነበር፤ ይህን ግን አልነገርነውም። የዛሬው ንግግራችን ለእኚህ እናት ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው።

ወገኖች ሆይ፤ ይህ ደንብ ለእኛ ባዕድ ሊመስለን አይገባም። በወሎ የቂርአት ቦታዎች ያለፍን ደረሶች ሁሉ ከሸኾቻችን ኪታብ እየተዋስን ተምረናል። ኪታቡ አንድ፣ ደረሳው ብዙ ነበር። ስለዚህ ሥርዓት ነበረው። እጅ ሳይታጠቡ አይነካም። በሌላው ሰው ኪታብ ኅዳግ ላይ ያለ ፈቃድ አይጻፍም። የተዋሱትን ለሌላ ሰው አያውሱም፤ ቢጠፋ ተጠያቂው የመጀመሪያው ተዋሽ ነውና። ተራ የደረሰው ከሚገባው በላይ አያቆይም፤ ከኋላው የሚጠብቅ አለና። የዩኒቨርሲቲውን የኮምፒውተር ደንብ አንብበን ስንጨርስ ያገኘነው ይህንኑ የኪታብ አደብ ነው። ዕቃው ተለወጠ እንጂ አማናው አልተለወጠም። በአምስት ነጥቦች እንመልከተው።

አንደኛ፤ የይለፍ ቃል የግል ነው። ወንድም ለወንድሙ እንጀራ ይቆርሳል፣ ጋቢ ያካፍላል፤ የይለፍ ቃል ግን አይካፈልም። በእናንተ ስም የተደረገ ሁሉ የእናንተ ሥራ ሆኖ ይመዘገባል። ማሽኑ ማን ምን ሰዓት እንደገባ ይጽፋል፤ ጣታችሁን ግን አያይም። ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ ዘግታችሁ ውጡ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና እንደሚወስዱና ፈተናውም በኮምፒውተር እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ። የአራት ወይም የአምስት ዓመት ድካም በአንድ የመግቢያ ስም ላይ ተንጠልጥሎ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ጓደኛ ሲቸገር አብራችሁት ወደ ኮምፒውተር ማዕከሉ ሂዱና አዲስ ቃል እንዲሰጠው አድርጉ። እውነተኛው እርዳታ ይህ ነው።

ሁለተኛ፤ መስመሩ የጋራ ነው። በላስታ ደጋ ያደገ ልጅ የምንጭ ውሃ ተራ ምን እንደሆነ ያውቃል። በበጋ ምንጩ ሲቀጥን አንዱ እንስራውን ሞልቶ ልብስ ማጠብ ቢጀምር ከኋላው የተሰለፉት ባዶ እንስራ ይዘው ይመለሳሉ። የግቢ ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። የሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ኢተርኔት በሚባለው የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ እንዲተሳሰሩ ብዙ ተደክሟል፤ ይሁንና የመስመሩ አቅም ውሱን ነው። አንድ ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ ፊልም ሲጭን፣ በሌላው ጥግ ያለው ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን መላክ ያቅተዋል። እኛ የሰሜን ወሎ ሰዎች የመስመርን ዋጋ ከማንም በላይ እናውቃለን። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ስልክና መብራት ተቋርጦ ልጅ ከእናቱ ተለያይቶ ከርሟል። ከ2015 ክረምት ጀምሮም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያጣነውን ነገር ስናገኝ ልናባክነው አይገባም።

ዕቃውም እንዲሁ ነው። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ወቅት ምን ያህል እንደተዘረፈና እንደወደመ ሁላችንም ሰምተናል፤ ያየንም አለን። ከዚያ በኋላ በግቢው የተተካ ኮምፒውተር ሁሉ ከሕዝብ ገንዘብና ከበጎ አድራጊዎች ኪስ የወጣ ነው። ምንነቱ ያልታወቀ ፍላሽ ሰክቶ ቫይረስ ማስገባት፣ ማውዝና ገመድ ነቅሎ መውሰድ፣ ያለ ፈቃድ ፕሮግራም መጫን የብዙ ድሆችን ሐቅ መንካት ነው።

ሦስተኛ፤ ወደ ሰው ቤት ያለ ፈቃድ አይገባም። ቁርኣን የሌላውን ቤት ሳናስፈቅድና ሰላምታ ሳናቀርብ እንዳንገባ፣ የሰውን ነውርም እንዳንሰልል ያስተምረናል። የሰው ፋይል፣ የሰው ኢሜይል፣ የሬጅስትራር መዝገብ ሁሉ ቤት ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ቢገኝ እንኳ የመግባት ፈቃድ አይሆንም። የሀገራችን ሕግም ይህንኑ ይላል። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባት እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም በሁለቱም ያስቀጣል። ምንም ሳይሰርቁ መግባቱ ብቻ ወንጀል መሆኑን ልብ በሉ።

«ለሙከራ ነው» የሚል ምክንያትም አያድንም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1988 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ ራሱን እያባዛ የሚዛመት ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ፕሮግራሙ ከታሰበው በላይ በፍጥነት ተባዛ። ያን ጊዜ በመረቡ ከነበሩት 60,000 ያህል ኮምፒውተሮች 6,000 የሚሆኑት እንደተጠቁ ተገምቷል። ወጣቱ ከዩኒቨርሲቲው ታገደ፤ በ1990ም ፍርድ ቤት የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና ከ10,000 ዶላር በላይ መቀጮ ፈረደበት። ይህ ሰው በኋላ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለመሆን በቅቷል፤ ወድቆ መነሣት አለና። ነገር ግን ጠበቃ የሚያቆምለት ቤተሰብ የነበረው ልጅና ከኋላው አንዲት አያት ብቻ ያሉት ልጅ ሲወድቁ እኩል እንደማይጎዱ አስቡ።

አራተኛ፤ ወሬን ሳያጣሩ አያስተላልፉም። በጥቅምት 2012 ማብቂያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች መካከል በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት አልፏል፤ ሁከቱም ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛምቶ ብዙ ተማሪ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ያን ሰሞን የእኛም ስልክ አላረፈም። ያልሞተው ሞተ ይባል ነበር፤ የሌላ ሀገር ፎቶግራፍ የእኛ ነው ተብሎ ይላክ ነበር። አንዲት አሳዳጊ እናት ልጇ ደኅና ሆኖ ሳለ በአንድ መልእክት ምክንያት ለቅሶ ልትቀመጥ ደርሳ ነበር። ሱረቱል ሑጁራት ዜና ሲመጣ እንድናጣራ የምታዝዘን፣ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የወጣውም በዚያው ዓመት ነበር። ልጆቻችን ሆይ፤ ግቢ ስትገቡ የሌላ ብሔርና የሌላ ሃይማኖት ልጆች አብረዋችሁ ያድራሉ። በዚህች ከተማ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር በደስታም በለቅሶም አብረን ኖረናል። ፊት ለፊቱ ተቀምጣችሁ የማትናገሩትን በስልክ አትጻፉበት።

አምስተኛ፤ የሰውን ድካም የራስ አያደርጉም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ በማኅበራዊ መገናኛ በመሰራጨቱ ፈተናው ተሰርዞ በሌላ ጊዜ እንዲሰጥ መደረጉን ታስታውሳላችሁ። ጥቂቶች ባደረጉት፣ በቅንነት ያጠና ሁሉ ዳግመኛ ተጨነቀ። የሌላውን ጽሑፍ ከኢንተርኔት ገልብጦ ስምን መጻፍ፣ ወይም ዛሬ እንደሚታየው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈውን የራስ ሥራ ነው ብሎ ማቅረብ፣ ከዚህ የሚለየው በመጠን ብቻ ነው። ከመጽሐፍ የወሰዳችሁትን ከየት እንደወሰዳችሁ ጻፉ። ደረሳ ዕውቀቱን ከየትኛው ሸኽ እንደተቀበለ ይናገር አልነበረምን?

እዚህ ላይ የተማሪዎቻችንንም ሐቅ ሳንናገር አናልፍም። ደንብ የሚያወጣም አማና አለበት። ብዙዎቹ የላስታ ልጆች ኮምፒውተርን በእጃቸው የሚነኩት ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ ነው። ደንቡ በማይገባቸው እንግሊዝኛ ተጽፎ በሰልፍ ላይ ቢፈርሙት ተስማሙ ለማለት ይከብዳል። መምህራንና ኃላፊዎች በአማርኛም ሆነ ተማሪው በሚረዳው ቋንቋ ሊያስረዱ፣ የተከሰሰውን ሳይሰሙ ላይቀጡ፣ በእጃቸው ያለውን የተማሪ የግል መረጃም ሊጠብቁ ይገባል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዚህ የወጣ ነው። ልጆቻችንም ያልገባቸውን ሳይፈሩ ይጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ የሚያስጠይቀው ሳያነቡ መፈረም ነው።

ለቤተሰቦች አንድ ነገር እንለምናለን። ልጁ ሲደውል «በላህ ወይ? በረደህ ወይ?» ከማለት ጋር «ቁልፍህን ጠብቀሃል ወይ?» በሉት። ኮምፒውተር ባታውቁም ቁልፍ ታውቃላችሁና።

ለረጂ ወገኖቻችንም የምንለው አለ። የተጠቀማችሁበትን ላፕቶፕ ለየቲም ልጅ ስትሰጡ አላህ ይቀበላችሁ፤ ነገር ግን የግል ፋይላችሁንና ሥዕላችሁን አጥፍታችሁ፣ ቫይረሱን አስጠርጋችሁ ስጡ። ከዕቃው ጋር የሚያስተምር ሰውም ስጡን። ከመካከላችሁ ሙያው ያላችሁ በክረምት አንድ ሳምንት መጥታችሁ፣ ልጆቹ ከመጓዛቸው በፊት ኮምፒውተር መክፈትና መዝጋት፣ የይለፍ ቃል መምረጥ፣ ደንብ ማንበብ ብታስተምሩልን የብዙ ብርድ ልብስ ያህል ይቆጠራል። የየቲም ገንዘብ ጥበቃ በዲናችን የከበደ ጉዳይ ነው። ለየቲም የተሰጠው የትምህርት ዕድልም ገንዘቡ ነው፤ በአንድ ቀን ስህተት እንዳይባክን መጠበቅ የሁላችንም ግዴታ ነው።

ስለዚያ ልጃችን ሳንነግራችሁ አንለያይ። ሴሚስተሩን በመጻሕፍት ቤት በእጁ እየጻፈ ጨረሰ፤ በጊዜውም ተመረቀ። ዛሬ መምህር ነው። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ሲያስገባ ከሁሉ በፊት ስለ ቁልፍ እንደሚናገር ነግሮናል። አያቱ ምርቃቱን ለማየት በቅተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው።

ልጆቻችን ሆይ፤ መንገዳችሁ የቀና፣ ዕውቀታችሁ የሚጠቅም ይሁን። አላህ ከክፉ ባልንጀራና ከክፉ ወሬ ይጠብቃችሁ። በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።