የመካከለኛይቱ ድምፅ



እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 በስኮትላንድ አገር በግላስጎው ከተማ የተወለደው ዊልያም ፕሪምሮዝ፣ በቫዮሊን ተጫዋችነቱ ስም ካተረፈ በኋላ፣ በ1930 ከለንደን የአውታር ኳርቴት ጋራ ተቀላቅሎ ቪዮላን የያዘ ጊዜ፣ ልዕልናን ከሚያሰጠው ከላይኛው ዜማ ወርዶ፣ በቫዮሊንና በቼሎ መካከል ሆና ሁለቱን የምታስማማውን ጠሊቅ ድምፅ መረጠ፤ ያለ መሪ በሚጫወቱ በአራት ሰዎች ጉባኤ ውስጥ ግን ከመጫወት ይልቅ ማዳመጥ እጅግ ይከብዳልና፣ እኔ ከሥራው ሁሉ አብልጬ የማደንቅለት ይህን ምርጫውን ነው።

ኋላም የሃንጋሪው ሊቅ ቤላ ባርቶክ በእርሱ ጠያቂነት የጀመረውን የቪዮላ ኮንቸርቶ ሳይፈጽም በ1945 ቢያርፍ፣ ወዳጁ ቲቦር ሸርሊ ከረቂቁ አሟልቶት፣ ፕሪምሮዝ በ1949 በሚኒያፖሊስ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰማው።

ዛሬ የአውታር ዜማ ብትሰሙ፣ እባካችሁ፣ ጆሮአችሁን ወደ መካከለኛይቱ ድምፅ አዘንብሉ።