ትክክለኛው ቪዛ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከቀድሞ ተማሪዎች አንዱ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች ያደረገው ንግግር)



 እኔም በዚሁ አዳራሽ ተቀምጬ የእንግዳ ንግግር ስሰማ «መቼ ይሆን የሚያበቃው?» እያልኩ ሰዓት እቆጥር እንደ ነበረ አልረሳሁም። ስለዚህ ነገሬን ላለማስረዘም እሞክራለሁ።

የመረጥኩት አርእስት ቪዛ ነው። ምናልባት «በበዓል ቀን ስለ ወረቀት ጉዳይ ምን ይነገራል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በጀርመን አገር ትምህርቴን ጨርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ወደ ቤቴ የሚመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ስለ ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ስለ ቪዛው ነው። ጥያቄያቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ «የትኛው ቪዛ ይቀላል?» ይሉኛል። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ይህ ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «የምሄደው ለምንድን ነው? የምቆየውስ ለስንት ጊዜ ነው?» የሚል ነው። ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች እውነተኛ መልስ የሰጠ ሰው የሚያስፈልገውን ቪዛ ለማወቅ አይቸገርም። እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን የአንድ ዓመት ዕድሜዬን ከፍዬ ነው።

ቪዛ የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን «የታየ ወረቀት» ከሚል አነጋገር የተወሰደ ነው። ይኸውም አንድ መንግሥት «የዚህን ሰው ወረቀት አይቻለሁ፤ ለዚህ ጉዳይ፣ ለዚህን ያህል ጊዜ ቢመጣ ፈቃዴ ነው» የሚልበት ምልክት ነው። እንግዲህ በቪዛ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሰውየው፣ ጉዳዩና ጊዜው። ከሦስቱ አንዱ ሲለወጥ ፈቃዱም ይለወጣል። ቡና እንዲጠጣ የተጠራ ጎረቤት አልጋውን ተሸክሞ ቢመጣ ባለቤቱ ምን ይላል? ጎረቤቱን ስለ ጠላው አይደለም የሚደነግጠው፤ የጠራው ለቡና ስለ ሆነ ነው።

አሁን የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በአገሬ ከጨረስኩ በኋላ በሰኔ ወር 2008 ዓ.ም. ለሁለት ወር የቋንቋ ትምህርት ወደ ጀርመን አገር ሄድኩ። የያዝኩት የአጭር ጊዜ ቪዛ፣ ማለት ሸንገን የሚባለው ነበር። በልቤ ግን ሁለተኛ ዲግሪዬን እዚያው ለመማር ወስኜ ነበር። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «አንተ ብቻ ግባ፤ ከገባህ በኋላ ቪዛው እዚያው ይለወጥልሃል» ብሎኝ ነበር። ሰውየውን ብቻ አልወቅሰውም፤ መስማት የምፈልገውን ስለ ነገረኝ ሳልመረምር አመንኩት።

እንደ ሐሳቤም በኦክቶበር ትምህርት እንድጀምር ዩኒቨርሲቲው ተቀበለኝ። በቋንቋ ክፍላችን አንድ ጃፓናዊ ነበረ። እርሱም እንደ እኔው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ነበር ወደ ውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄዶ የመኖሪያ ፈቃዱን እዚያው አመለከተና ተቀበሉት። እኔም በማግሥቱ ወረቀቶቼን ይዤ ሄድኩ። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ፓስፖርቴን አገላብጣ ካየች በኋላ በትሕትና እንዲህ አለችኝ፤ «ወደ አገርህ ተመልሰህ የተማሪ ቪዛ ማምጣት አለብህ።» ለካ የጃፓን፣ የኮሪያ፣ የአሜሪካና የጥቂት ሌሎች አገሮች ዜጎች ያለ ቪዛ ገብተው ፈቃዱን እዚያው እንዲጠይቁ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ግን እንደ ደንቡ ለመጣበት ጉዳይ የሚሆነውን ቪዛ ከአገሩ ይዞ መግባት ግዴታው ነው። የጓደኛ መንገድ ለራስ መንገድ እንደማይሆን ያን ጊዜ ገባኝ።

በዚያ ሳምንት አንዳንድ ሰዎች «ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ማን ያይሃል?» አሉኝ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቴ ለአውሮፕላን ቲኬት የሰጠኝ ገንዘብ የዕቁብ ገንዘብ ነበርና እጄን አጣጥፌ መመለስ ሞት መሰለኝ። ነገር ግን ቪዛው ካለቀ በኋላ የተቀመጠ ሰው ከተያዘ ከአገር ሊባረር ይችላል፤ እንደገና እንዳይገባም ለዓመታት ሊታገድ ይችላል። የሄድኩት ለመማር ከሆነ ተደብቆ መኖር ትምህርት አይሆንም ብዬ ቪዛዬ ሳያልቅ ተመለስኩ። አባቴ በአውሮፕላን ማረፊያው ተቀብሎኝ ሻንጣዬን እያነሣ «ዓመቱ ይተካል፤ የተበላሸ ስም ግን አይተካም» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። የትምህርት ቦታዬ በዚያ ዓመት አመለጠኝ። እንደገና አመልክቼ፣ ትክክለኛውን ቪዛ ይዤ የሄድኩት በመስከረም 2010 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘውን ትምህርት በዝርዝር ላስረዳ።

በመጀመሪያ የአጭሩን ቪዛ ጠባይ እንወቅ። ሸንገን በሞዘል ወንዝ ዳር የምትገኝ የሉክሰምበርግ መንደር ናት፤ ጁን 14 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. አምስት የአውሮፓ መንግሥታት በመካከላቸው የድንበር ፍተሻን ለማስቀረት የተስማሙት በዚያ ነው። ዛሬ በዚህ ማኅበር ውስጥ 29 አገሮች አሉ። የአጭር ጊዜ ቪዛ የያዘ ሰው በማናቸውም 180 ቀኖች ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ብቻ ሊቆይ ይችላል። ቀኖቹም የሚቆጠሩት ለ29ኙ አገሮች በአንድ ላይ ነው። ጁን 1 ቀን ገብቶ ኦገስት 29 ቀን የወጣ ሰው 90 ቀኑን ጨርሷል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስመላልስ ቪዛ ቢኖረው እንኳ ከኖቬምበር 28 ቀን በፊት መመለስ አይችልም። አንድ ቀን ወጥቶ በመግባት ቁጥሩ እንደ አዲስ ይጀምራል የሚባለው ወሬ ከንቱ ነው። ደግሞም በቪዛው ላይ የተጻፈው የሚያገለግልበት ዘመን አንድ ነገር ሲሆን የመቆያው ቀን ብዛት ሌላ ነው። ለሦስት ወር የሚያገለግል ቪዛ 30 ቀን ብቻ የሚያስቀምጥ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም መስመር ማንበብ ያስፈልጋል። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የአጭር ጊዜ እንግዶችን መግቢያና መውጫ ከጣት አሻራና ከፎቶግራፍ ጋር በመኪና የሚመዘግብ አሠራር ደረጃ በደረጃ ስለ ተጀመረ «ማን ያይሃል?» የሚለው ምክር ከቀድሞው ይልቅ አደገኛ ሆኗል።

ከ90 ቀን በላይ ለሚቆይ ሰው የተዘጋጀው ብሔራዊ ቪዛ የሚባለው ነው፤ በቪዛው ላይ «ዲ» የሚል ፊደል ይጻፍበታል። ብዙዎች አጭሩ ቪዛ ርካሽና ቀላል ይመስላቸዋል። ዳሩ ግን ከጁን 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአጭሩ ማመልከቻ ዋጋ ለአዋቂ ሰው 90 ዩሮ ሲሆን የጀርመን ብሔራዊ ቪዛ 75 ዩሮ ነው። እንግዲህ ልዩነቱ በዋጋው ሳይሆን በዝግጅቱ ነው።

ዝግጅቱም ይህ ነው። አንደኛ፣ ከዩኒቨርሲቲው የመቀበያ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ለሚሄድ ተማሪ እንደ ውጤቱ ሁኔታ በቅድሚያ የመሰናዶ ትምህርት እንዲማር ሊጠየቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ የትምህርት ማስረጃና የቋንቋ ችሎታ ምስክር ወረቀት ነው። ሦስተኛ፣ የጤና ኢንሹራንስ ነው። አራተኛውና ለብዙ ቤተ ሰብ ከባዱ የመተዳደሪያ ገንዘብ ነው። ከሴፕቴምበር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተማሪ የተወሰነው በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ይህም ብሎክድ አካውንት በሚባል ሒሳብ ይቀመጥና ተማሪው ከገባ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ እየተቆረጠ ይሰጠዋል። ገንዘቡ የራሱ የተማሪው ነው እንጂ ለመንግሥት የሚከፈል አይደለም። ይህን ያህል ገንዘብ የሌለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ፤ የታወቀ የትምህርት ስጦታ ያገኘ፣ ወይም እዚያ የሚኖርና በቂ ገቢ ያለው ሰው በሕግ ፊት ዋስ የሆነለት እንደሆነ ይህ መንገድም ተቀባይነት አለው።

አሁን እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ ወደሚያሰናክሉን ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልምጣ። የመጀመሪያው ስም ነው። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በፈረንጅ ፊደል በ«ኤስ» ይጀምረዋል፤ ሌላው ደግሞ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ይጀምረዋል። የትምህርት ማስረጃው አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ሌላ ዓይነት የሆነ እንደሆነ መርማሪው ሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በጥቅምት 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በእነርሱ ቁጥር በ2007 የተወለደ ሲሆን፣ በግንቦት 2000 ዓ.ም. የተወለደው ግን በ2008 ነው። በደፈናው ስምንት ዓመት እየጨመሩ የሚጽፉ ሰዎች የስንቱን ወረቀት አበላሽተዋል! እንግዲህ መምህራኖቻችን፣ በእናንተ ብዕር የሚጻፈው የተማሪ ስም እስከ ባሕር ማዶ እንደሚከተለው አስባችሁ ከመጀመሪያው አስተካክላችሁ እንድትጽፉልን እለምናለሁ።

ስለ ጊዜም አንድ ቃል ልበል። በጀርመን የክረምቱ የትምህርት ወቅት የሚጀምረው በኦክቶበር ሲሆን ለብዙዎቹ የትምህርት ዓይነቶች የማመልከቻው ጊዜ ጁላይ 15 ቀን ያበቃል። የቪዛው ቀጠሮና ምርመራ ደግሞ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ከመሄጃው አንድ ዓመት ያህል አስቀድሞ መጀመር ይሻላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ባልተሟላ ወረቀት የሚቀርብ ሰው የሚያተርፈው እምቢታ ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጀርመን ለኤምባሲው ይቀርብ የነበረውን «እንደገና ይታይልኝ» የሚል አቤቱታ አስቀርታለች። አሁን የቀረው መንገድ እንደ አዲስ ማመልከት ወይም በርሊን ከሚገኘው የአስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ማመልከቻ የተሟላ መሆን አለበት።

ቪዛው ተገኘ ማለት ደግሞ ሁሉ ነገር አለቀ ማለት አይደለም። ቪዛ የበር ቁልፍ ነው፤ በቤቱ ውስጥ መኖሪያው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ጀርመን የገባ ተማሪ መኖሪያ ቤቱ በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን ማስመዝገብ፣ ቪዛውም ሳያልቅ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለበት። ሥራን በሚመለከት ከማርች 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን እንዲሠራ ተፈቅዶለታል። ከዚህ የሚያልፍ ሰው ለሥራ እንጂ ለትምህርት የመጣ አይመስልም።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ልጃችሁን «ከገባህ በኋላ ይለወጣል» ለሚል ሰው አሳልፋችሁ አትስጡ። የኤምባሲው የማስታወቂያ ገጽ ለማንም ክፍት ስለ ሆነ ማንበብ የሚችል ልጅ ራሱ ያንብበው፤ ለእናንተም ያስረዳችሁ። የሌለ ገንዘብ እንዳለ አስመስሎ የሚጻፍ የባንክ ወረቀት ወይም የተፋቀ ሰርተፊኬት አንድ ቀን መገለጡ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሚዘጋው የዚያ ዓመት በር ብቻ አይደለም።

እናንተም ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ለጉብኝት የምትሄዱ ከሆነ የጎብኚ ቪዛ ጠይቁ፤ ለትምህርት ከሆነ የተማሪ፤ ለሥራ ከሆነ የሠራተኛ ቪዛ ጠይቁ። እኔ የነገርኳችሁ የጀርመንን ነው፤ ሌላው አገር ሌላ ደንብ አለው፤ ደንብም ይሻሻላልና በምትሄዱበት ዓመት እንደገና ጠይቁ። የማይለወጠው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ በቃለ ምልልሱ መስኮት ፊት የምትናገሩት ቃል፣ በወረቀታችሁ ላይ የተጻፈውና በልባችሁ ያለው ሐሳብ አንድ ይሁኑ። እንዲህ ያለ ሰው ቢፈቀድለት ያለ ፍርሃት ይማራል፤ ቢከለከልም አንገቱን ሳይደፋ እንደገና ያመለክታል።

አባቴ እውነቱን ነበር፤ ያ ዓመት ተተክቷል። እናንተ ግን ያለ ኪሣራ ብትማሩት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር።