ነፋሱ ሳይነሣ የሚሰማ ድምፅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዲላና በጌዴኦ ምድር የምትኖሩ ምእመናን ሆይ፤ አገራችን ከባሕር የራቀች ብትሆንም ቡናችን በጅቡቲ ወደብ በኩል ባሕር ይሻገራል። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ከ62 ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ በታወቀ ጊዜ፣ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች በራዲዮ «ሴኩሪቴ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አሰምተው መርከበኞችን ያስጠነቅቃሉ። ራዲዮው ነፋሱን አያቆምም፤ የሰማ ግን ወደብ ለመያዝ ጊዜ ያገኛል።

ቅዱስ ጳውሎስም በቀርጤስ ሳለ አስጠንቅቆ ነበር። የመቶ አለቃው ግን የመርከቡን መሪና ባለቤቱን አመነ፤ ለስላሳው የደቡብ ነፋስም አታለላቸው። መርከቡ ተሰበረ፤ 276ቱ ነፍሳት ግን በእግዚአብሔር ቸርነት ዳኑ።

እንግዲህ ሰማዩ ብሩህ ሳለ የሚሰጠንን የንስሐ አባታችንን ምክር አንናቅ። ቂም የያዘ ዛሬውኑ ይታረቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።