አልነሳ ያለ የናፍጣ ሞተርን መመርመር፦ ከመለወጥ በፊት ማረጋገጥ



የዛሬው ንግግሬ ተራ በሚመስል አንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። የናፍጣ ተሽከርካሪ አልነሳ ሲል ምርመራው ከየት ይጀምራል? ቀላሉ መንገድ የተጠረጠረውን ዕቃ ፈትቶ በሌላ መለወጥ ነው። ግምቱ ከከሸፈ ግን ባለንብረቱ ላልተበላሸ ፖምፓ ብዙ ገንዘብ ይከፍላል፤ መኪናውም ከቆመበት አይንቀሳቀስም።

ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመን አውግስቡርግ ከተማ በተሳካ ሁኔታ የሞከረው ሞተር መሠረተ ሐሳቡ ዛሬም ያው ነው። እንደ ቤንዚን ሞተር እሳት የሚፈነጥቅ ካንዴላ የለውም። አየሩ ይታመቃል፣ በመታመቁም ይግላል፤ የሚረጨው ናፍጣ በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሞተሩ የሚፈልጋቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፦ በቂ የመዞር ፍጥነት፣ ናፍጣ እና የጋለ አየር።

በመጀመሪያ ፍጥነቱን እንመርምር። ሞተሩ ቀስ ብሎ ከዞረ የታመቀው አየር ሙቀቱን ለሲሊንደሩ ግድግዳ ያስረክባል፤ ከፊሉም በፒስተን ቀለበቶች በኩል ያመልጣል። ሞተሪኖው በሚያዞርበት ጊዜ የ12 ቮልት ባትሪ ከ10 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ፣ ሌላ ነገር ከመፈታቱ በፊት ባትሪውና የገመዶቹ መጋጠሚያዎች ይፈተሹ።

ፍጥነቱ በቂ ከሆነ ዓይናችንን ወደ ጭስ ማውጫው እንመልስ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሞተር ግን በሽታውን አይደብቅም። ሲዞር ምንም ጭስ ካልታየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ናፍጣው ሲሊንደር አልደረሰም ማለት ነው። ነጭ ጭስ ከታየ ደግሞ ናፍጣው ደርሷል፤ ነገር ግን አልተቀጣጠለም። ይህ አንድ ምልከታ የምርመራውን መንገድ ለሁለት ይከፍለዋል።

ጭስ ከሌለ ከታንከሩ ተነስተን ፊልትሮውን፣ ቱቦዎቹንና መጋጠሚያዎቹን በቅደም ተከተል እንከተላለን። በላላ መጋጠሚያ የገባ አየር ብቻውን ሞተሩን ሊያቆመው ይችላል፤ ፖምፓው የሚፈጥረው ግፊት ናፍጣውን በመግፋት ፈንታ አረፋውን በመጨፍለቅ ያልቃልና። ማስጠንቀቂያም አለኝ። በኮመን ሬይል ሞተሮች ግፊቱ ከ1,000 ባር ሊበልጥ ስለሚችል፣ ሞተሩ እየዞረ ቱቦ ማላላት ፈጽሞ አይገባም። የሚፈተለከው ናፍጣ ቆዳን ይበሳል።

ነጭ ጭስ ካለ ጥያቄው የሙቀት ነው። ማሞቂያ ካንዴላዎቹ፣ የእመቃው መጠንና የመርጫው ጊዜ ይለካሉ። እዚህ ላይ የደጋው ብርድ ትርጉም አለው። 18 ለ 1 በሚያምቅ ሞተር፣ በግምታዊ ስሌት፣ የሚገባው አየር ከ20 ወደ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢወርድ የታመቀው አየር ሙቀት 40 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያነሰ በመሆኑ ናፍጣው ለመቀጣጠል ይዘገያል። ስለዚህ በቆላ ያልታወቀ የእመቃ ድካም በደጋ ማለዳ ይጋለጣል። ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ ኤተር መርጨት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ጊዜው ሳይደርስ ፈንድቶ ፒስተን ሊሰብር ይችላል።

ለነገዎቹ መሐንዲሶች የማስተላልፈው መልእክት አንድ ነው። ማናቸውንም ዕቃ ከመለወጣችሁ በፊት መበላሸቱን የሚያሳይ ልኬት በእጃችሁ ይኑር። ግምት የሚያስከፍለው ዋጋ ከባለሙያው ኪስ ሳይሆን መኪናው የዕለት እንጀራው ከሆነው ሰው ኪስ ይወጣል።