ምክንያትና አጃቢ፦ የጨጓራ ቁስለት ባክቴሪያ ከፐርዝ እስከ ጎንደር
(በማራኪ ግቢ የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



በከተማችን «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው የአካል ክፍሉን ሳይሆን ሕመሙን መናገሩ ነው። ምክንያቱን ብንጠይቀው በርበሬውን፣ ቡናውንና ጭንቀቱን ይቆጥርልናል። በዚህ አንፍረድበት፤ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ያስተምሩት የነበረውም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። አሲድ በሞላበት ጨጓራ ውስጥ ባክቴሪያ ሊኖር አይችልም ተብሎም ይታመን ነበር።

ፍንጩ ግን ቀድሞ ነበር። ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቢዞዜሮ በ1893 እ.ኤ.አ. በውሾች ጨጓራ ውስጥ ጠምዛዛ ተህዋስያንን ገልጿል። በ1954 እ.ኤ.አ. ግን አሜሪካዊው ኤዲ ፓልመር ከ1,000 በላይ የሰው ጨጓራ ናሙናዎችን መርምሮ ምንም አላገኘሁም አለ፤ ጉዳዩም ተዘጋ። የተጠቀመበት ማቅለሚያ እነዚህን ተህዋስያን አጉልቶ የሚያሳይ አልነበረም። ያልታየው ሁሉ የሌለ አለመሆኑን እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

በ1979 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረን የተባለ ፓቶሎጂስት በብር ማቅለሚያ ተጠቅሞ ባክቴሪያዎቹን በተቆጣ የጨጓራ ሽፋን ላይ አያቸው። በ1981 እ.ኤ.አ. ወጣቱ ሐኪም ባሪ ማርሻል ተባበረው። ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ለማራባት ያደረጉት ሙከራ ደጋግሞ ከሸፈ፤ ሳህኖቹ በሁለት ቀን ውስጥ ይጣሉ ነበርና። በ1982 እ.ኤ.አ. የፋሲካ በዓል ሰሞን ሳህኖቹ ለቀናት ሳይነኩ ቆዩ፤ ቀስ ብሎ የሚያድገው ባክቴሪያም በቀለ።

ተጠራጣሪዎቹ ጥሩ ጥያቄ ነበራቸው፤ ባክቴሪያው ቁስሉን ያመጣል ወይስ በተጎዳ ስፍራ ላይ የሚሰፍር አጃቢ ነው? ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ጨጓራው ጤነኛ መሆኑን በምርመራ ካረጋገጠ በኋላ ባክቴሪያውን ጠጣ። በቀናት ውስጥ ታመመ፤ ጨጓራውም ተቆጥቶ ተገኘ። ሆኖም ይህ ዝነኛ ሙከራ ያሳየው የጨጓራ መቆጣትን እንጂ ቁስለትን አልነበረም። ስለ ቁስለት ወሳኙ ማስረጃ የመጣው ከሕሙማን ነው፤ ባክቴሪያው በአንቲባዮቲክ ሲጠፋላቸው፣ ይድንና ይመለስ የነበረው ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ሳይመለስ ቀረ። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ፈለቀ ሞገስና ባልደረቦቻቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጨጓራ ሕመም ስሜት ከነበራቸው 215 ሰዎች መካከል የ184ቱ፣ ማለትም የ85.6 በመቶው ደም የሄሊኮባክተር ፓይሎሪ አንቲቦዲ ተገኝቶበታል።

ይህን ቁጥር እንዴት እናንብበው? «እንግዲያው የሕመማቸው ምክንያት ይኸው ነው» ማለት ይቀናናል። ነገር ግን የተጠኑት ሕሙማን ናቸው። ባክቴሪያው ምንም ሕመም በማይሰማቸው ጎረቤቶቻቸውም ዘንድ የተስፋፋ ከሆነ፣ መገኘቱ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። ባክቴሪያውን ከተሸከሙት ሰዎች አብዛኞቹ ቁስለት አይዛቸውም። በሌላ በኩል እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ያለ ባክቴሪያውም ቁስለት ያመጣሉ። የደም አንቲቦዲም ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል፣ ያለፈውን ከአሁኑ አይለይም፤ የሰገራ አንቲጂን ምርመራ ግን በዚህ ረገድ የተሻለ ነው።

ይህ የቃላት ክርክር አይደለም። በአንዲት የደም ምርመራ ብቻ ተመሥርቶ አንቲባዮቲክ የሚታዘዝላት እናት ምናልባት የማያስፈልጋትን መድኃኒት ትውጣለች፤ እውነተኛው ሕመሟም ሳይታወቅ ይቆያል። ሲሻላት መድኃኒቱን ካቋረጠች ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ይተርፋል። በተቃራኒው፣ ቁስለት ያለበትን ሰው «በርበሬ ተው፣ አትጨነቅ» ብለን ብንሸኘው፣ በአጭር ጊዜ ሊድን የሚችለውን ሕመም ዕድሜ ልኩን እንዲሸከም እንፈርድበታለን።

ውድ ተማሪዎች፤ ከፐርዝ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረን የደፋሩ ሐኪም ጽዋ ነው። እኔ ግን አደራ የምላችሁ የተጠራጣሪዎቹን ጥያቄ ነው፤ ምክንያት ነው ወይስ አጃቢ? ዋረንና ማርሻል ያሸነፉት ይህን ጥያቄ ንቀው ሳይሆን መልሰውት ነው። ጎንደር ላይም ሥራው አላለቀም፤ የሚቀጥለውን ቁጥር የምታመጡት እናንተ ናችሁና፣ ከሕሙማኑ ጎን ጤነኞቹንም ቁጠሩ።