ወንበርና ዕድሜ
በሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር




በአማርኛ ክብርና ወንበር ተለያይተው አያውቁም። የማኅበር መሪ «ሊቀ መንበር» ተብሎ ይጠራል። የቤተ ክህነት ሊቅ «ወንበር ዘርግቶ» ያስተምራል። በጥንቱ የፍርድ ሥርዓት ዳኛው ተቀምጦ ይሰማ፣ ተሟጋቹ ቆሞ ይናገር ነበር። ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ ገበሬም ተስፋው ልጁ ከፀሐይና ከሞፈር ተላቆ፣ በጥላ ሥር ተቀምጦ እንጀራውን እንዲበላ ነው። ይህ ተስፋ የሚነቀፍ አይደለም፤ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ድካም የወለደው ነውና።

በዘመናዊው መሥሪያ ቤትም ይኸው ሥርዓት ቀጥሏል። ተላላኪው ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ ሲመላለስ ይውላል። ጀማሪው ጸሐፊ አልፎ አልፎ ፋይል ፍለጋ ወደ መዝገብ ቤት ብቅ ይላል። የክፍል ኃላፊው ግን ፋይሉ ይመጣለታል፤ ሻዩ ይመጣለታል፤ ባለጉዳዩም ይመጣለታል። እንግዲህ ሰው በሥራው ዓለም ከፍ ባለ መጠን እግሩ እየቦዘነ ይሄዳል ማለት ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም ሰውነት የሥራ ማዕረግን የማያውቅ መሆኑን፣ ሹመት ያሳረፈው እግርም ውሎ አድሮ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን ማስረዳት ነው።

ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ

ይህን ጉዳይ በቁጥር አስደግፈው ካቀረቡት ቀደምት ጥናቶች አንዱ፣ ብሪታንያዊው ሐኪም ጄረሚ ሞሪስና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1953 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ነው። ጥናቱ በለንደን የትራንስፖርት ድርጅት ይሠሩ የነበሩ 31 ሺህ ያህል ወንዶችን የተመለከተ ነበር። በዚያን ጊዜ የለንደን አውቶቡስ ባለ ሁለት ፎቅ ሲሆን ሁለት ሠራተኞች ነበሩት። ሾፌሩ የሥራ ሰዓቱን አብዛኛውን ክፍል ተቀምጦ ያሳልፋል። ትኬት ቆራጩ ግን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች እየተመላለሰ በቀን በመቶ የሚቆጠሩ ደረጃዎችን ይወጣል።

ሁለቱ ሰዎች አሠሪያቸው አንድ፣ አውቶቡሳቸው አንድ፣ የሚመላለሱበትም መንገድ አንድ ነው። ይሁን እንጂ የልብ ደም ሥር በሽታ በትኬት ቆራጮቹ ላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ሲመጣም ዘግይቶ የሚመጣ፣ የሚያደርሰውም ጉዳት የቀለለ ነበር። በፖስታ ቤት ሠራተኞች መካከል በተደረገው ንጽጽርም ደብዳቤ በእግሩና በብስክሌት የሚያድለው ሠራተኛ ከጠረጴዛ ሥራ ባልደረባው የተሻለ ሆኖ ታየ።

ሒሳብ መርማሪ የሆነ አድማጭ በዚህ ላይ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። ምናልባት ከመጀመሪያውም ወፈር ያሉት ሰዎች ሾፌር፣ ቀጠን ያሉት ትኬት ቆራጭ ሆነው ተቀጥረው ከሆነስ? ሞሪስ ራሳቸው ይህንኑ ጠይቀዋል። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የሚያድለውን የደንብ ልብስ ልክ መርምረው፣ የሾፌሮቹ የሱሪ ወገብ ከትኬት ቆራጮቹ የሰፋ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1956 በዚያው መጽሔት አሳተሙ። ስለዚህ ልዩነቱ በሙሉ በእንቅስቃሴ ብቻ የመጣ ነው ሊባል አይችልም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች በተከታታይ የተደረጉት ጥናቶች መሠረታዊውን ሐሳብ አጽንተውታል። ሞሪስም ሐሳቡን በራሳቸው ሕይወት ሲሠሩበት ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በ99 ዓመታቸው አረፉ።

ከዚህ ታሪክ ሊዘነጋ የማይገባው ነጥብ አለ። ትኬት ቆራጩ ስፖርተኛ አልነበረም። ጠዋት ተነሥቶ አልሮጠም፤ ልዩ ጫማም አልገዛም። የጠበቀው የዕለት ሥራው ነው። እንቅስቃሴው በፈቃዱ ጥንካሬ ላይ ሳይሆን በሥራው አደረጃጀት ላይ የቆመ ነበር።

በተቀመጠ ሰውነት ውስጥ የሚሆነው

ሰው ሲቀመጥ ከሰውነቱ ጡንቻዎች ትልልቆቹ፣ ማለትም የጭን፣ የመቀመጫና የባት ጡንቻዎች፣ ሥራ ይፈታሉ። የባት ጡንቻ ሲኮማተር ወደ እግር የወረደውን ደም ወደ ልብ ገፍቶ የሚመልስ እንደ ፓምፕ ያለ አካል ነው። ሲቦዝን ደሙ በእግር ይዘገያል፤ ማምሻውን ጫማ የሚጠብበት ሰው ይህን ያውቀዋል። ከዚህም በላይ የሚሠራ ጡንቻ ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ የሚበዛውን ስኳር ለራሱ ነዳጅ ይስባል። የቦዘነ ጡንቻ ግን ስኳሩን በደም ውስጥ ይተወዋል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም በር ይከፍታል።

በአውስትራሊያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ አነስተኛ ሙከራ ነገሩን በግልጽ ያሳያል። ክብደታቸው ከመጠን በላይ የሆነ 19 ሰዎች ጣፋጭ መጠጥ ከጠጡ በኋላ ለ5 ሰዓት እንዲቀመጡ ተደረገ። በሌላ ቀን ደግሞ እነዚሁ ሰዎች በየ20 ደቂቃው ተነሥተው 2 ደቂቃ ብቻ እንዲራመዱ ተደረገ። በተራመዱበት ቀን የደማቸው ስኳር በግልጽ ዝቅ ብሎ ተገኘ። እርምጃቸው ቀስ ያለ በነበረበት ጊዜም ውጤቱ ያው ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴን፣ ለምሳሌ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞን፣ ይመክራል። ቀድሞ እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ካልተያያዘ እንደማይቆጠር ይነገር ነበር። በአዲሱ መመሪያ ይህ ገደብ ተነሥቷል። የተቆራረጠውም ይቆጠራል፤ ሳንቲም በሳንቲም ላይ ሲደመር ብር እንደሚሆን ማለት ነው።

አንድ የሒሳብ ስሌት

ለዚህ ጉባዔ አባላት ነገሩ በሒሳብ ቢቀርብ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አንድ ባለሙያ በዓመት 230 የሥራ ቀን አለው፤ በእያንዳንዱም ቀን 6 ሰዓት ይቀመጣል እንበል። በ30 ዓመት አገልግሎት ድምሩ 41,400 ሰዓት ይሆናል። ይህም ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ ከ4 ዓመት ከ8 ወር በላይ በወንበር ላይ መቆየት ነው። በታክሲ፣ በቤትና በቴሌቪዥን ፊት የሚያልፈው መቀመጥ በዚህ ውስጥ አልገባም። ሰኔ 30 ቀን አልፎ የዓመቱ ሒሳብ በሚዘጋበት በሐምሌ ወር ደግሞ ሥራው እስከ ምሽት እንደሚዘልቅ ለአባላቱ መንገር አያስፈልግም። ለመሥሪያ ቤቱ መኪናና ለጽሕፈት መሣሪያው የእርጅና ተቀናሽ በየዓመቱ የሚያሰላ ባለሙያ፣ የገዛ ወገቡን ተቀናሽ በየትኛው መዝገብ እንደሚይዝ ራሱን ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

የዕዳው ማካካሻም እንዲሁ ሊሰላ ይችላል። ጠዋት ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ ማታም አንድ ፌርማታ በእግር ሄዶ መሳፈር፣ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ቢፈጅ በቀን 20፣ በ5 ቀን 100 ደቂቃ ነው። ከምሳ በኋላ 10 ደቂቃ መራመድ በሳምንት 50 ደቂቃ ይጨምራል። ድምሩ 150 ደቂቃ ሆነ፤ የመመሪያው ዝቅተኛ ልክ ማለት ነው። ለዚህ የወጣ ገንዘብ የለም፤ እንዲያውም ከታክሲ ሒሳብ የሚተርፍ ይኖር ይሆናል።

ድካምና እንቅስቃሴ አንድ አይደሉም

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከእንጦጦ ተራራ በጀርባዋ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት ይህ ምክር አይመለከታትም። እርሷ የሚያስፈልጋት ሸክም የሚያቃልልላት እንጂ እንቅስቃሴ የሚጨምርላት አይደለም። ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም ወገብንና ጉልበትን ይሰብራል እንጂ ጤና አይሰጥም። የቀድሞው ትውልድ ከድካም መሸሹ ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ ከድካም ጋር እንቅስቃሴም አብሮ መጣሉ ነው።

ሌላው ስሕተት እንቅስቃሴን ለስፖርተኞች ብቻ መተው ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ ኢትዮጵያ በሯጮቿ ታውቃለች። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ የአዲስ አበባን ጎዳና በሕዝብ ይሞላል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ደግሞ ጎዳናዎችን በእሑድ ለእግረኛ ከፍቷል። ሁለቱም ምስጋና የሚገባቸው ናቸው። ነገር ግን በዓል ናቸው፤ ሰውነት ደግሞ በዓልን ሳይሆን አዘቦትን ይቆጥራል። በዓመት አንድ ቀን ሮጦ ቀሪውን ተቀምጦ የሚውል ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ መዝገብ ሳይጽፍ ሰኔ 30 ቀን ሒሳብ ለመዝጋት እንደሚቀመጥ ጸሐፊ ነው።

ምን ይደረግ?

የመፍትሔው ፍሬ ነገር የትኬት ቆራጩን ሥራ መኮረጅ ነው። ይኸውም እንቅስቃሴን በትርፍ ሰዓት ከመፈለግ ይልቅ ወደ ሥራው ውስጥ ማስገባት ነው።

አንደኛ፣ ኃላፊው በሳምንት ጥቂት ጊዜ እንኳ ተላላኪ ከመጥራት ተነሥቶ ፋይሉን ራሱ ቢያመጣ ጥቅሙ ሁለት ነው። እግሩ ይፈታል፤ በመዝገብ ቤቱ ያለውንም የሥራ ሁኔታ በዓይኑ ያያል። ዛሬ ብዙው ጽሑፍ በኮምፒዩተር ስለሚላክ በአጠገብ ክፍል ላለ ባልደረባ መልእክት ከመጻፍ ሄዶ ማነጋገር ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ስብሰባ በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ቢቋረጥ፣ አጭሩም ስብሰባ ቆሞ ቢካሄድ ሥርዓት ማጉደል ተደርጎ መታየት የለበትም። በቅዳሴ ለሰዓታት መቆምን በሚያውቅ ማኅበረሰብ ዘንድ ለሩብ ሰዓት ስብሰባ መቆም እንግዳ ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ደረጃ አለ። በአዲስ አበባ መብራት ሲጠፋና አሳንሰሩ ሲቆም ሁሉም በደረጃው ይወጣል፤ መብራቱ ሲመለስ ደረጃው ይረሳል። ጉልበቱ ጤናማ የሆነ ሰው እስከ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን መንገድ የአሳንሰር ጉዳይ ባያደርገው መልካም ነው። በእርግጥ ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች መጀመሪያ ትንፋሽ ማጠሩ አይቀርም፤ ስለሆነም ቀስ በቀስ መልመድ ይበጃል። የልብ ሕመም ወይም ሌላ ደዌ ያለበትም አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

አራተኛው ለአሠሪዎች የሚቀርብ ነው። ደረጃው የተቆለለ ዕቃ ማስቀመጫ የሆነበትና አምፖሉ የተቃጠለበት ሕንፃ ሠራተኛውን በደረጃ ውጣ ሊለው አይችልም። የእግረኛ መንገድ የፈረሰበት ሠፈርም አንድ ፌርማታ ቀድሞ ለመውረድ አያመችም። ስለዚህ ነገሩ የግለሰብ ትጋት ብቻ አይደለም። የጥገና በጀት የሚያዘጋጁና የወጪ ጥያቄ የሚመረምሩ ደግሞ እዚህ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች ናቸው። አንድ አምፖል ለመግዛት የቀረበ ጥያቄ ከጠረጴዛቸው ላይ ሲደርስ ይህን ቢያስታውሱ፣ የብዙ ባልደረቦቻቸውን እግር ያስነሣሉ።

የተከበራችሁ አባላት፤

«ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ያስቸግራል» ይባላል። የጠረጴዛ ሠራተኛ በወንበሩ ላይ ሆኖ በ30 ዓመት የሚሰቅለው ደም ግፊትና ስኳር በጡረታው ዕለት ቆሞ የሚያወርደው አይሆንም። ሊያወርደው የሚችለው ዛሬ፣ ገና ጥቂት በሆነበት ጊዜ ነው። ለዚህም ከወንበር መሻርን ማንም አልጠየቀም፤ የተጠየቀው አልፎ አልፎ ከወንበር መነሣት ብቻ ነው።

በመጨረሻም በጉባዔው አዘጋጆች ፈቃድ የዛሬው ሻይ እንደ ቀድሞው በየመቀመጫው አይታደልም። ከአዳራሹ ውጭ፣ ከደረጃው በላይ ባለው ሰገነት ላይ ቀርቧል። የተከበሩት ሊቀ መንበር ቀድመው ቢነሡ ሌላው ይከተላል።