ሳኦሪ ዮሺዳና አንዱ ብልሃቷ

አዘጋጆቹ ለዛሬው ዲስኩር የሰጡት ርእስ «የሴቶች ነፃ ትግል ከአቴንስ እስከ ሪዮ» የሚል ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «ታጋይ» የሚለውን ቃል ግን ዛሬ አልጠቀምም፤ በአማርኛ ታጋይ ሲባል ጆሯችን በቀጥታ ወደ ጫካ ይሄዳልና። የዛሬዋ ባለታሪክ ጠመንጃ አልያዘችም። የያዘችው የሰው እግር ነው።

ሳኦሪ ዮሺዳ እ.ኤ.አ. በ1982 በጃፓን ሚኤ አውራጃ፣ በፁ ከተማ ተወለደች። አባቷ ኤይካፁ ዮሺዳ በወጣትነታቸው የአገሪቱ የትግል ሻምፒዮን የነበሩ ሰው ናቸው፤ መኖሪያ ቤታቸውን የልጆች ማሠልጠኛ አድርገውት ነበር። ልጅቱ ምንጣፉ ላይ የወጣችው በሦስት ዓመቷ ነው። ምርጫም አልቀረበላትም፤ በዚያ ቤት ትግል እንደ ምሳና እራት የዕለት ነገር ነበር።

ራሷ ደጋግማ የምታወጋው አንድ ታሪክ አለ። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች በውድድር አንድ ወንድ ልጅ ገጠማትና አሸነፋት። ልጁ አንገቱ ላይ ወርቅ ሲጠለቅለት አይታ፣ እኔም ያንን እፈልጋለሁ ብላ አባቷን አስቸገረች። አባትየው ያ ነገር ሱቅ ውስጥ እንደማይሸጥ፣ ተለማምዶ ያሸነፈ ብቻ እንደሚያገኘው ነገሯት። እንግዲህ ልጅ ሲያለቅስ ከረሜላ ገዝታችሁ ዝም የምታሰኙ ወላጆች በዚህ አዳራሽ ካላችሁ፣ እኔም ከእናንተው ነኝ።

አባት ለልጃቸው ያወረሱት ዋና ነገር አንድ ብልሃት ነው፤ ታክል። ተጋጣሚዋ ፊት ለፊት ቆማ እጅ ለእጅ ስትፈታተሽ፣ ዮሺዳ በድንገት ጎንበስ ብላ ከክንዷ በታች ትገባለች፤ ጭኗን ወይም ሁለት እግሯን አቅፋ ወደ ፊት ትገፋለች። የተያዘችው ወይ በጀርባዋ ወይ በጎኗ ትወድቃለች፤ ነጥብ ይመዘገባል። በእኛ ቋንቋ «ጠልፎ መጣል» የተንኮለኛ ሥራ ስም ነው። እዚያ ምንጣፍ ላይ ግን ከፊት ለፊት፣ ዳኛው እያየ፣ ተጋጣሚም እየጠበቀች የሚፈጸም ጥበብ ነው። የዮሺዳን ታክል ልዩ ያደረገው ርቀቱና ፍጥነቱ ነበር። ሌሎች አንድ እርምጃ ቀርበው የሚሞክሩትን እሷ ከሩቅ ትወነጨፍበታለች። ምን እንደምታደርግ ዓለም ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ማወቁ ግን አላዳነም።

ድሎቿን ባጭሩ ልጥቀሳቸው። የሴቶች ትግል ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ2004 አቴንስ ላይ፣ በአራት የክብደት ምድብ ነው። ዮሺዳ በ55 ኪሎ ግማሽ ፍጻሜውን ከፈረንሳይዋ አና ጎሚስ ጋር 7 ለ 6 በጭንቅ አለፈች፤ በፍጻሜው ካናዳዊቷን ቶንያ ቨርቢክን 6 ለ 0 ረታች። ቀኑ ነሐሴ አጋማሽ አልፎ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 23 ነበር። ያን ቀን በዚያችው ከተማ መሠረት ደፋር በ5,000 ሜትር ወርቅ ወስዳለች፤ ጥሩነሽ ዲባባም ሦስተኛ ሆናለች። በዚያ ቀን ዓይናችን የት እንደነበር መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ዮሺዳን ሳናያት ብንቀር ይቅር ይለናል።

በ2008 ቤጂንግ ላይ የቻይናዋን ሹ ሊን በጀርባዋ አጋድማ፣ በ2012 ለንደን ላይ ደግሞ ያችኑ ቨርቢክን አሸንፋ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ሞላላት። ለንደን ላይ የአገሯን ባንዲራ ይዛ የገባችውም እሷ ናት። ካሸነፈች በኋላ አባቷን በትከሻዋ ተሸክማ ምንጣፉ ላይ ዞረች። ያንን ምስል ያየ ሰው፣ ማን ማንን እንዳሳደገ ለአፍታ ይምታታበታል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ፤ ወደ ሽንፈቶቿ። አዘጋጆቹ ይቅር ይበሉኝ፣ ጊዜዬን የምጨርሰው እዚህ ነው። ድል ተደጋግሞ ሲመጣ ይመሳሰላል፤ የዚህች ሴት ሽንፈት ግን ከጣት የማያልፍ በመሆኑ እያንዳንዱ ተለይቶ ይታወሳል።

የመጀመሪያው በጃንዋሪ 2008፣ በቻይናዋ ታይዩዋን ከተማ፣ በቡድኖች የዓለም ዋንጫ ላይ ነው። እስከዚያች ቀን 119 ግጥሚያ በተከታታይ አሸንፋ ነበር። አሜሪካዊቷ ማርሲ ቫን ዱሰን ታክሉን ጠበቀችው፤ ሲመጣ ገለበጠችው። ዮሺዳ አምርራ አለቀሰች። እናቷ ያጽናኗት፣ ከ119 ድሎችሽ በስተጀርባ 119 ጊዜ ያለቀሰ ሰው አለ ብለው እንደሆነ ይነገራል። ይህን ስሰማ የእናትየው ጭካኔ ነው ወይስ ርኅራኄ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ከወራት በኋላ ቤጂንግ ላይ ወርቁን ወሰደች።

ሁለተኛው በሜይ 2012፣ ቶኪዮ ላይ፣ አሁንም በዓለም ዋንጫ ነው። 58 ተከታታይ ድል አከማችታ በገዛ ሕዝቧ ፊት ሩሲያዊቷ ቫሌሪያ ዦሎቦቫ ጣለቻት። አሁንም የከዳት ታክሉ ነው። ለንደን ላይ በግማሽ ፍጻሜው ተገናኙና ዮሺዳ ተበቀለች።

ይቺን ሩሲያዊት ግን አትርሷት። ከአራት ዓመት በኋላ ኮብሎቫ በሚል ስም በ58 ኪሎ ሪዮ ላይ መጣች። በፍጻሜው የገጠማት ሌላዋ የጃፓን ጀግና፣ ካኦሪ ኢቾ ናት። ኮብሎቫ 2 ለ 1 እየመራች የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ደረሱ፤ ኢቾ ነጥቡን ቀማቻትና 3 ለ 2 አሸነፈች። በዚህም በአራት ኦሊምፒኮች የግል ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። አንድ ሰው ከሁለቱ የዓለም ታላላቅ ሴቶች አንዷን ጥሎ፣ ሌላዋን ለመጣል እንዲህ ቀርቦ፣ በኦሊምፒክ ወርቅ ሳያገኝ ይቀራል። ስለ ኮብሎቫ ብቻ ራሱን የቻለ ዲስኩር ቢጻፍ አይበዛም፤ ጋባዥ ከተገኘ።

ኢቾ ያሸነፈችው ኦገስት 17 ነው። በማግስቱ ተራው የዮሺዳ ሆነ። 33 ዓመቷ ነው፤ ምድቧ 53 ኪሎ ሆኗል። አባቷ በማርች 2014 መኪና እየነዱ ሳለ በድንገት አርፈዋል። ከቀናት በኋላ ቶኪዮ ላይ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ፎቶግራፋቸውን ይዛ ወጥታ ነበር። አሁን የጃፓን ልዑክ አምበል ናት፤ አገሩ ሁሉ አራተኛውን ወርቅ እንደተቆረጠ ደሞዝ ይጠብቀዋል።

ፊቷ የቆመችው ሄለን ማሩሊስ፣ የ24 ዓመት አሜሪካዊት ናት። በ2012 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ዮሺዳ በጀርባዋ ያጋደመቻት ልጅ ነች። የመጀመሪያው ሦስት ደቂቃ በዮሺዳ 1 ለ 0 መሪነት አለቀ። ከዕረፍት በኋላ ማሩሊስ ሁለት ነጥብ አገኘች፤ ደግሞ ሁለት ጨመረች፤ 4 ለ 1። ግጥሚያውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ዓይን የሚገባው ማሩሊስ ያደረገችው ብቻ ሳይሆን ዮሺዳ ያላደረገችው ነው። ያ ከሩቅ የሚወነጨፍ ታክል እንደ ድሮው አልመጣም። በሁለቱ የቀድሞ ሽንፈቶች ታክሉ ተወርውሮ ተመልሷል፤ በሦስተኛው እጅ ውስጥ ቀረ። ዕድሜ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን የ2008ና የ2012 ትዝታ ነው እላለሁ። ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ሰው ሦስተኛውን ከመወርወሩ በፊት ያስባል፤ ታክል ደግሞ ካሰቡበት አይሆንም።

ዮሺዳ ምንጣፉ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አምበል ሆና ወርቅ ስላላመጣች ይቅርታ ጠየቀች፤ አባቷ እንደሚቆጧትም ተናገረች። ማሩሊስም አለቀሰች፤ ለአሜሪካ ሴቶች በትግል የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነበርና። የቡድኖቹ የዓለም ዋንጫ ሳይቆጠር፣ በግል ውድድር 206 ጊዜ ሳይቋረጥ የሄደው የዮሺዳ ድል በዚያ ምሽት አበቃ።

ሰዓቱ እያለቀ ስለሆነ የርእሱን ዕዳ በሩጫ ልክፈል። ዮሺዳ ከ2002 እስከ 2015 ባለው ጊዜ 13 የዓለም ሻምፒዮና አሸንፋለች፤ ከሦስቱ ኦሊምፒክ ጋር 16 መሆኑ ነው። በወንዶቹ ትግል የሩሲያው አሌክሳንደር ካሬሊን የነበረው 12 ነው። በ2013 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሥራ አስፈጻሚ ትግል ከ2020 ጨዋታዎች እንዲወጣ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ በዚያው ዓመት መስከረም ሳይጠባ ቦነስ አይረስ ላይ ተመለሰ። ሕጉም ተቀየረ፤ ነጥብ በየዙሩ ለብቻ መቆጠሩ ቀርቶ የሁለቱ የሦስት ደቂቃ ዙሮች ድምር ሆነ። ሪዮ ላይ የሴቶቹ ምድብ ከአራት ወደ ስድስት አደገ። ስለ ስፖንሰር፣ ስለ ሕንድና ስለ ናይጄሪያ ሴቶች ያዘጋጀሁት ወረቀት ኪሴ ውስጥ ይቀራል፤ የፈለገ በሻይ ሰዓት ይጠይቀኝ።

ዮሺዳ በጃንዋሪ 2019 በ36 ዓመቷ ከውድድር መሰናበቷን አስታወቀች። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ የ53 ኪሎውን ወርቅ የወሰደችው ማዩ ሙካይዳ ናት፤ እሷም የሚኤ አውራጃ ልጅ ነች። በፍጻሜው ቻይናዊቷ ፓንግ ቺያንዩ 4 ለ 0 ስትመራት ቆይታ፣ ሙካይዳ 5 ለ 4 አሸንፋ ወጣች።